ዱካው ሳይረገጥ፦ አውትባክ ውስጥ የጠፋ ሕፃን እንዴት ይፈለጋል

ሕፃኑ መጨረሻ የታየበት ሰዓትና መጥፋቱ የታወቀበት ሰዓት አንድ አይደሉም። ፍለጋ ገና ከመነሻው የሚሳሳተው አብዛኛውን ጊዜ እዚህ ላይ ነው። «አሁን እኮ እዚህ ነበር» ይባላል፤ ቀስ ተብሎ ሲጣራ ግን ልጁን በዓይኑ ያየ ሰው ካየው አርባ ደቂቃ አልፏል። ስለዚህ ሥራውን የሚያውቅ ፖሊስ «ስንት ሰዓት ጠፋ?» አይልም። «መጨረሻ በዓይኑ ያየው ማነው? ያኔ ምን እየሠራ ነበር?» ነው የሚለው። ሰው ሰዓቱን ቢረሳ ሥራውን ያስታውሳል፤ ልብስ እያሰጣ ነበር፣ የውኃ ፓምፑን ሊያጠፋ እየወጣ ነበር።

ይህች አርባ ደቂቃ ቀላል አይደለችም። አንድ ልጅ በሰዓት 2 ኪሎ ሜትር ሊራመድ ይችላል ብለን ብንነሣ፣ በመጀመሪያው ሰዓት መጨረሻ ሊገኝ የሚችልበት ክብ 12.5 ካሬ ኪሎ ሜትር ግድም ነው። በሁለተኛው ሰዓት 50፣ በሦስተኛው 113 ይሆናል። ሰዓቱ ሦስት እጥፍ ሲሆን መሬቱ ዘጠኝ እጥፍ ሰፋ ማለት ነው።

መሬቱ ደግሞ ተራ መሬት አይደለም። አውትባክ የሚባለው የአውስትራሊያ ሰፊው ደረቅ የውስጥ ክፍል ነው። እዚያ «ስቴሽን» የሚሉት የከብትና የበግ እርባታ ይዞታ እንደ አውራጃ ይሰፋል፤ በደቡብ አውስትራሊያ ያለው አና ክሪክ ብቻውን ከ15,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ይበልጣል። ጎረቤት ማለት ረጅም የመኪና መንገድ ነው፤ ሞባይል በአብዛኛው ቦታ አይሠራም። ሙቀቱ በጥር 1960 (ወራቱና ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ኡድናዳታ ላይ 50.7 ዲግሪ ተመዝግቧል። በክረምት ሌሊት ደግሞ ያው በረሃ ከዜሮ በታች ይወርዳል።

መጀመሪያ ቤቱ

ዓይን ወደ አድማስ ከመሄዱ በፊት ቤቱ ይፈተሻል። ትንሽ ልጅ ይደበቃል፣ እንቅልፍ ይወስደዋል፣ የማይወጣበት ውስጥ ይገባል። አልጋ ሥር፣ ቁም ሣጥን፣ ልብስ ማጠቢያ ማሽን፣ ዲፕ ፍሪዘር፣ ግቢ የተጣለ አሮጌ ፍሪጅ፣ የመኪና ወንበር ሥርና የኋላ ዕቃ መጫኛ፣ የመኖ ሣጥን፣ የውሻ ቤት፣ የዝናብ ውኃ ታንክ፣ የሴፕቲክ ጉድጓድ ክዳን፣ የበግ መሸለቻው መጋዘን፤ በተለይ ከርብራቡ ወለል በታች ያለው ጨለማ። ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና ከሁሉ ይቅደም፤ ውስጡ በደቂቃዎች ይገድላል።

አንድ ሰው የፈተሸውን ሌላ ሰው ይድገመው። ወላጅ የራሱን ቤት ሲፈትሽ የሚያየው «ልጄ ይወድዳል» ብሎ የሚያስበውን ቦታ ነው። የተፈተሸው በር ላይ በጠመኔ ምልክት ይደረግ፤ ክዳን ያለው ነገር ታይቶ ይዘጋ፤ አለበለዚያ ልጁ ቆይቶ ይገባበታል።

ይህ እየተደረገ ሳለ ወደ አደጋ ጊዜ ቁጥሩ 000 ይደወላል። «24 ሰዓት መጠበቅ አለበት» የሚባል ሕግ አውስትራሊያ ውስጥ የለም። የየብስ ፍለጋን የሚመራው የየክፍለ ግዛቱ ፖሊስ ነው፤ ኤስ.ኢ.ኤስ. የሚባለው የአደጋ ጊዜ አገልግሎት በጎ ፈቃደኞቹን ይዞ በፖሊስ ሥር ይሠራል፤ ሲጠየቅ ጦሩም ይመጣል። ሞባይል በሌለበት የሳተላይት ስልክ፣ ወይም የዩ.ኤች.ኤፍ. ሬዲዮ ያስፈልጋል። 5 እና 35 በሕግ ለአደጋ የተተዉ ቻናሎች ናቸው፤ ረጅም መንገድ የሚነዱ ከባድ መኪኖች ደግሞ 40 ላይ ናቸው።

ስልክ ላይ የሚነገረው የጫማውን ዓይነት ይጨምር፤ ባዶ እግሩን ከሆነም ይነገር። ልጁ የሚጠራበትን የቤት ስም፣ የሚፈራውንና የሚወድደውን፣ የሚወስደውን መድኃኒት፣ መናገር መቻሉን። ስለ ቦታ አገላለጽ አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። 31 ዲግሪ ከ30 ደቂቃ ማለትና 31.30 ዲግሪ ማለት አንድ አይደለም። ልዩነቱ 22 ኪሎ ሜትር ግድም ነው። አብራሪው ያልተባለ ቦታ ላይ ሲዞር ነዳጁ ያልቃል።

ሞተር ብስክሌቱን አታስነሡ

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ስቴሽን ላይ ልጅ ጠፋ ሲባል የመጀመሪያው ነገር ሞተር ብስክሌትና ባለ አራት ጎማ ማስነሣት ነው። ሁሉም በየአቅጣጫው ይበርራል። ፍቅር ነው፤ ግን ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። ያ አቧራ ላይ የነበረው የልጁ ዱካ ጎማ ሥር ይገባል። የ4 ዓመት ልጅ እግር 16 ሴንቲ ሜትር አካባቢ፣ ክብደቱም 16 ኪሎ ግድም ነው። እንዲህ ያለ ልጅ ደረቅ መሬት ላይ የሚተወው ምልክት ከበግ ኮቴ ያነሰ ነው፤ አንድ የቦት ጫማ ያጠፋዋል።

እኔ ብጠየቅ የማዘው ይህን ነው። ሰውና መኪና አንድ መስመር ብቻ ይዞ ይግባ፣ ያንኑ ይዞ ይውጣ። በግቢው ያለ ሰው ሁሉ የጫማ ሶሉ ይመዝገብ። ዘዴው ቀላል ነው፦ ፎጣ ይነጠፋል፣ ላዩ ላይ የኩሽና ፎይል ይደረጋል፣ ሰውየው ይረግጠዋል፤ የሶሉ ቅርጽ ፎይሉ ላይ ይቀራል። ስሙ ይጻፍበትና ይቀመጣል። ቆይቶ ሜዳ ላይ አንድ የጫማ ምልክት ሲገኝ «ይህ የማነው?» የሚለው ክርክር በግማሽ ደቂቃ ያልቃል። ከልጁ ጫማዎች አንዱ ቤት ከቀረና ያደረገው ሌላውን ከሆነ፣ የቀረው ቁጥሩን ይናገራል።

ቤቱ ዙሪያ ያለ ዱካ ምንም አይነግረንም። ልጁ እዚያ ይኖራላ! በየቀኑ ሲጫወትበት የዋለበት አቧራ በእግሩ ምልክት የተሞላ ነው። ጥያቄው ከመጫወቻው ክልል ወጥቶ የሄደ ዱካ አለ ወይ ነው። ስለዚህ ዱካ አንባቢ ከልጁ የተለመደ ክልል ውጭ አንድ ክብ ይመርጣልና በዚያ ዙሪያ እያነበበ ይዞራል። መሬቱ ራሱ የሚያግዝበት ጊዜ አለ፤ አጥር ጥግ የሚሄደው የመኪና መንገድ፣ የደረቀ ወንዝ አሸዋ፣ የከብት መሄጃ አቧራ ጥሩ ገጽ ናቸው። ጠጠር የለበሰው ሜዳ ግን ዱካ አይዝም። እዚያ ላይ ጊዜ ማጥፋት ትርፉ ድካም ነው፤ ጠጠሩን ዘልሎ ማዶ ያለውን አሸዋ ማንበብ ይሻላል።

አንድ ግሩም ዘዴ አለ። ሁለት ሦስት አሮጌ ጎማዎች በሰንሰለት ታስረው ከመኪና ኋላ በአጥሩ መንገድ ላይ ይጎተታሉ። መንገዱ እንደ ተጠረገ ወለል ይለሰልሳል። በየሁለት ሰዓቱ ተመልሶ ሲታይ፣ የተሻገረው ሁሉ ስሙን ጽፎ ሄዷል፦ ካንጋሮ፣ ቀበሮ፣ ወይም ትንሽ ጫማ። ምንም ካልተጻፈ ደግሞ ልጁ ያንን መስመር አላለፈምና ፍለጋው በውስጥ በኩል ይጠብባል። ከመጎተቱ በፊት ግን መንገዱ መነበብ አለበት። ይህን ረስቶ የጎተተ ሰው ማስረጃውን በእጁ ጠርጎታል።

የሚነበበው በብርሃን ነው። ማለዳና አመሻሽ ላይ ፀሐይ ዝቅ ስትል ትንሹ ጉድጓድ እንኳ ጥላ ይኖረዋል፤ እኩለ ቀን ላይ መሬቱ ሁሉ አንድ ይሆናል። አንባቢው ዱካው በእርሱና በፀሐይ መካከል እንዲሆን ይቆማል። በጨለማ የእጅ ባትሪው ከጉልበት በታች፣ ወደ ጎን ተጋድሞ ይያዛል፤ ከላይ ወደ ታች ያበራ ሰው ምንም አያይም። ዱካው ሲገኝ ከጎኑ ማስመሪያ ተደርጎ ፎቶ ይነሣል፣ ባልዲ ይደፋበታል፣ ባለ ቀለም ሪባን ይታሰርበታል። ከዚያ በትር ይመጣል፦ ከአንዱ ተረከዝ እስከ ቀጣዩ ተረከዝ ያለው ርቀት በትሩ ላይ ይቆረጣል፤ ቀጣዩ እርምጃ ካልታየ በትሩን እንደ ሰዓት ዘንግ አዙሮ በዚያ ቅስት ላይ ብቻ መፈለግ ነው። የተነሣ ጠጠር ታቹ ጠቆር ያለ እርጥበት ይኖረዋል፣ የተረገጠ ቅጠል ይቀጠቀጣል።

ዕድሜውም ይነበባል። አዲስ ዱካ ጠርዙ ስለታም ነው፤ ነፋስ ሲነፍስበት ይደበዝዛል። ዱካው ላይ የጥንዚዛ መሄጃ ተሻግሮበት ከሆነ ልጁ ያለፈው ጥንዚዛዋ በሌሊት ከመውጣቷ በፊት ነው። ልጁ ጥንዚዛዋን ከረገጠባት ግን ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው።

የሚያነቡት ሰዎች

ይህ እውቀት የአውስትራሊያ ነባር ሰዎች የሆኑት የአቦርጂናል ሕዝቦች ነው። በነሐሴ 1864 በቪክቶሪያ ክፍለ ግዛት፣ ከሆርሻም ራቅ ብሎ፣ የደፍ ቤተሰብ ሦስት ልጆች ጠፉ፤ የ9 ዓመቱ አይዛክ፣ የ7 ዓመቷ ጄን፣ ገና 4 ዓመት ያልሞላው ፍራንክ። ጎረቤቱ ሁሉ ለቀናት ፈልጎ አላገኛቸውም። ሦስት የአቦርጂናል ዱካ አንባቢዎች ተጠርተው መጡ፤ በዘጠነኛው ቀን ሦስቱም በሕይወት ተገኙ። ከአንባቢዎቹ አንዱ ዲክ ኤ ዲክ ይባል የነበረው የዎትጆባሉክ ሰው ሲሆን፣ በ1868 እንግሊዝ ሄዶ በተጫወተው የአቦርጂናል ክሪኬት ቡድን ውስጥ ነበር። ጄን ቀሚሷን አውልቃ ታናሽ ወንድሟን አልብሳዋለች ይባላል። ለፈላጊ ቁም ነገሩ «ሰማያዊ ሸሚዝ የለበሰ» የሚለውን መግለጫ ብቻ ይዞ አለመውጣት ነው። ልጅ ይለብሳል፣ ያወልቃል፣ ይጥላል።

ሌላው በአውስትራሊያ መሐል ያለው የትልቁ አለት፣ የኡሉሩ ነገር ነው። በነሐሴ 1980 የ9 ሳምንት ሕፃን ከድንኳን ጠፋች። አናንጉ የሚባሉት የዚያ አገር አቦርጂናል አንባቢዎች የዲንጎውን (የአውስትራሊያ የዱር ውሻ ነው) ዱካ ተከተሉ፤ አንድ ቦታ ላይ የተሸከመውን አሳርፎ እንደነበርና አሸዋው ላይ የሹራብ መልክ መቅረቱ ታየ። ለንባባቸው ግን የሚገባው ክብደት አልተሰጠውም። እናትየው በ1982 በግድያ ተፈረደባት፤ በ1986 የሕፃኗ ሹራብ ሲገኝ ተለቀቀች፤ ዲንጎ እንደወሰዳት በመርማሪ ዳኛ የተጻፈው በ2012 ነው። አሸዋው በመጀመሪያው ሌሊት የተናገረውን ወረቀት ለመቀበል 32 ዓመት ፈጀበት።

በሰው መስመር ማሰስ ለምን ይዘገያል

ሰው ተሰልፎ ሜዳ ሲያበጥር በቴሌቪዥን ያምራል። ሒሳቡ ግን ይህ ነው፦ 20 ሰው በ5 ሜትር ርቀት ቢሰለፍ ስፋቱ 100 ሜትር ነው። በትክክል እያዩ በሰዓት 1 ኪሎ ሜትር ቢሄዱ አንድ ካሬ ኪሎ ሜትር 10 ሰዓት ይፈጃል። ለዚህ ነው መስመር የሚሰለፈው ዱካ ወይም ሌላ ፍንጭ ወዳለበት እንጂ ሜዳ ሁሉ ላይ አይደለም።

5 ሜትር ወይስ 15? በግምት አይወሰንም። የልጁን መጠንና የልብሱን ቀለም የያዘ ጆንያ ወይም አሻንጉሊት ቁጥቋጦ ሥር ይጋደማል። አንድ ሰው ከሩቅ እየቀረበ ሲታየው ይቆምና ርቀቱ ይለካል፤ ከሌሎች አቅጣጫዎችም ይደገማል። አማካዩ በሁለት ሲባዛ የሰዎቹ ርቀት ይወጣል። ሶልትቡሽ የሚባለው ወገብ የሚደርስ ግራጫ ቁጥቋጦ በበዛበት ቦታ ውጤቱ ብዙዎችን ያስደነግጣል፤ የተጋደመ ሕፃን በሦስት ሜትር ርቀት ላይታይ ይችላል። በየጥቂት እርምጃው ወደ ኋላ ዞር ማለትም ያስፈልጋል፤ ከፊት የተሸፈነ ከኋላ ይገለጣል።

«እዚያ ተፈልጓል» የሚለው ቃል አደገኛ ነው። ልጁ እዚያ ካለ በአንድ ዙር የማግኘት ዕድሉ ግማሽ ከሆነ፣ ሁለተኛው ዙር 75፣ ሦስተኛው 87.5 በመቶ ያደርሰዋል። መቶ አይሞላም። በመስከረም 2021 በኒው ሳውዝ ዌልስ ፑቲ በሚባል ጫካማ ስፍራ (አውትባክ ባይሆንም ትምህርቱ ያው ነው) የ3 ዓመት መናገር የማይችል ኦቲዝም ያለበት ልጅ ከሦስት ቀን በኋላ ከሄሊኮፕተር ታየ፤ ጥልቀት በሌለው ጅረት ውስጥ ተቀምጦ ነበር፣ ከቤቱም 500 ሜትር ገደማ ርቀት ላይ ነው። ኦቲዝም ያለባቸው ብዙ ልጆች ውኃ ይስባቸዋል። ስለዚህ ስቴሽን ላይ ኩሬው፣ የከብት ገንዳው፣ የነፋስ ፓምፑ ሥር ያለው ታንክ ገና ከመጀመሪያው ሰው ይቆምባቸዋል። ውኃው ደፍራሽ ከሆነ ጠላቂ ይገባል፣ ካስፈለገ ኩሬው ተመጥጦ ይደርቃል። እንደ ኩበር ፒዲ ባሉ ኦፓል የሚባለው የከበረ ድንጋይ በሚቆፈርባቸው መሬቶች ደግሞ የተተዉ የማዕድን ጉድጓዶች አሉ፤ አፋቸው ላይ ሄዶ ማጎንበስ ሌላ ሰው ማጣት ነው።

ከሁሉ የሚከብደው ልጁ ላይመልስ መቻሉ ነው። ከሦስት ዓመት በታች ያለ ልጅ መጥፋቱን አያውቅም፤ ሲደክመው ገብቶ ይተኛል። ትንሽ ከፍ ያለው ደግሞ ስሙን የሚጮኹትን እንግዶች ፈርቶ ቁጥቋጦ ውስጥ ይደበቃል፣ ወይም እንደተቆጡት ያስባል። የእናቱ ድምፅ ተቀድቶ በድምፅ ማጉያ ቢለቀቅ፣ የቤት ስሙን ብትጠራው፣ ከዚያም ሁሉም ሞተር ጠፍቶ ሁለት ደቂቃ ዝም ቢባል ከመቶ ሰው ጩኸት ይሻላል። ዝምታው ነው የሚዘነጋው።

መሣሪያ የማይሠራበት ሰዓት

ሙቀት አንባቢ ካሜራ ያለው ሄሊኮፕተርና ድሮን ተአምር አይሠሩም። ካሜራው የሚያየው ልዩነትን ነው። ከሰዓት በኋላ ድንጋዩ ከልጁ ገላ ይበልጥ ይሞቃል፤ ማታም ሙቀቱን ይዞ ይቆያል። ጥሩው ጊዜ ጎህ ከመቅደዱ በፊት ያለው ጥቂት ሰዓት ነው። ያኔም ካንጋሮው፣ በጉ፣ ፍየሉ ሁሉ ያበራል፤ አለት ሥር ያለ ልጅ ደግሞ አይታይም። ውሻም እንዲሁ በማለዳ ይሠራል፤ ሙቀትና ድርቀት ሽታውን ይገድላሉ፣ ስፒኒፌክስ የሚባለው እሾሃማ ሣር መዳፉን ይወጋል። ለውሻው የሚሰጠው ልጁ የተኛበት ያልታጠበ የትራስ ልብስ ነው፤ በጓንት ተነሥቶ ለብቻው ንጹሕ ከረጢት ውስጥ ይገባል። እናቱ አቅፋው ያለቀሰችበት ልብስ የእናቱን ሽታ ነው የሚሰጠው።

ፍለጋና ምርመራ ጎን ለጎን

ፖሊስ ቤተሰቡን ለየብቻ ሲጠይቅ ብዙዎች ይከፋቸዋል። ክስ ማለት ግን አይደለም፤ አለማድረጉ ነው ጥፋቱ። በጥቅምት 2021 በምዕራብ አውስትራሊያ፣ ከካርናርቨን በስተሰሜን ብሎውሆልስ በሚባል የባሕር ዳር ካምፕ የ4 ዓመት ልጅ ማለዳ ከድንኳን ታጣች። ሜዳው ሁሉ ታሰሰ። አንድ ነገር ግን አልገጠመም፤ የድንኳኑ ዚፕ የተከፈተው ልጅቷ እጇ ከማይደርስበት ከፍታ ድረስ ነበር። ከ18 ቀን በኋላ ካርናርቨን ከተማ ውስጥ ከተቆለፈ ቤት በሕይወት ተገኘች። እንዲህ ያለ ምልክት ሳይነካ እንዲቆይ ቦታው ቶሎ መከለል አለበት።

ፍለጋው እስከ መቼ ይቀጥላል የሚለውን ፖሊስ ከሐኪም ጋር ይወስነዋል፦ ዕድሜ፣ ልብስ፣ የሌሊትና የቀን ሙቀት፣ ነፋስ፣ ውኃ የሚገኝበት ቦታ እየተሰላ። ትንሽ ልጅ ከክብደቱ አንጻር ብዙ ቆዳ ስላለው ቶሎ ይሞቃል፣ ቶሎም ይቀዘቅዛል፣ ቶሎ ይደርቃል። ጥላና ውኃ ካገኘ ግን የሦስት ዓመት ልጅም ቀናትን ይሻገራል፤ ስለዚህ ስሌቱ ጨካኝ እንዳይሆን ከግምቱ በላይ ይፈለጋል። ከዚያ ፍለጋው ይቀነሳል ወይም ይቆማል፣ መዝገቡ ግን አይዘጋም። ውሳኔውን ቤተሰቡ ከዜና በፊት ከፖሊስ አፍ መስማት አለበት።

ልጁ ሲገኝ አሥር ሰው አይሮጥበት። አንድ ሰው ቀስ ብሎ ይቀርባል፣ ቁመቱ ድረስ ይንበረከካል፣ በቤት ስሙ ይጠራዋል። ውኃ በትንሽ በትንሹ ይጠጣል፤ ከበረደው እርጥቡ ልብስ ወልቆ በብርድ ልብስ ይጠቀለላል፣ የበራሪ ሐኪሞች አገልግሎት በሬዲዮ ምክር ይሰጣል። ቦታው በሪባን ይለያል፤ አንባቢዎቹ ከዚያ ወደ ኋላ ተነሥተው የመጣበትን ያነብባሉና። ሬዲዮ ላይ «ተገኘ» አይባልም፤ ኩሽና ውስጥ ያው ቻናል ተከፍቶ ቤተሰቡ እየሰማ ነው፤ በሕይወት ይሁን አይሁን ሳይነገር ያች ቃል ብቻዋን ትወጣለች። ጠዋት የተስማሙበት ሌላ ቃል ይነገራል። ከዚያ መዝገቡ ይወጣል፤ ጠዋት የፈረሙት በጎ ፈቃደኞች ስንት እንደነበሩ፣ ማታ የፈረሙት ስንት እንደሆኑ ይቆጠራል። አንድ ከጎደለ ማንም ወደ ቤቱ አይሄድም።